«ሙሌቱን ስላስቆምኩ በአካፋ መታኝ»፦ ሕጉ ለሕንፃ ተቆጣጣሪ ምን ይላል?

ሰላም የአምዳችን ቤተሰቦች! በዚህ ወር ከአዳማ ብቻ አራት ደብዳቤ ደርሶናል፣ አራቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፣ ሳይት ላይ ስለሚነሳ ጠብ። አዳማን የሚያውቅ ሰው አይገርመውም፣ ከፍራንኮ እስከ ቦኩ ዞር ብትሉ ያልተቆፈረ መሬት፣ ፌሮ ያልቆመበት ግቢ የለም። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ጥያቄ ወደ ሚቀጥለው ወር አሳልፌ እነዚህን ብቻ ልመልስ። ስም አልጠቅስም፣ የሰፈሩንም ነገር ትንሽ ቀያይሬዋለሁ።

ጥያቄ 1

«ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጂ ፕላስ 3 ላይ የአንደኛ ፎቅ ኮለን (ምሰሶ) በአርማታ ሊሞላ ሲል ደረስኩ። ፕላኑ ላይ ስታፋው በየ15 ሳንቲም ነው የሚለው፣ የታሰረው ግን 30 እና ከዚያ በላይ ነው። ሙሌቱ ይቁም ብዬ ፃፍኩ። ሚክሰሩ እየዞረ ነበር፣ የቀን ሠራተኛውም ተሰልፎ ነበር፣ ባለቤቱ ለመነኝ፣ እምቢ ስለው ልጁ ከጎን መጥቶ በአካፋ እጀታ ግንባሬን መታኝ። ተሰፍቻለሁ። ለፖሊስ በቃል ነግሬያለሁ ግን እስካሁን ቃሌን አልሰጠሁም። አሁን ሽማግሌ ልከው የሕክምናህን እንክፈል ይቅር በለን እያሉ ነው፣ ኃላፊዬም ነገሩን አታካብደው ሰፈር ነው ይለኛል። ሕጉ እኔን ለየት አድርጎ ይጠብቀኛል ወይ? ብታረቅስ ምን አጣለሁ?»

መልስ

ወንድሜ መጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርህ። ሁለተኛ ደግሞ ያስቆምከው ነገር ትክክል ነበር፣ ይሄን ከኃላፊህ ካልሰማኸው ከኔ ስማው። ስታፋ ማለት ኮለኑን እንደ ቀበቶ አስሮ የሚይዘው ነገር ነው፣ መሬት ሲናወጥ ቋሚው ፌሮ ወደ ውጪ እንዳይጎብጥ የሚከለክለው እሱ ነው። አዳማ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው፣ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ አልጋ ሲያወዛውዝ ሁላችንም ውጪ አድረናል አይደል። አርማታ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ውስጡ ያለውን ስታፋ ማንም አያየውም። አንተ የደረስክባት ሰዓት የመጨረሻዋ ሰዓት ነበረች።

ወደ ሕጉ እንግባ። አዎ፣ ለየት ያለ ጥበቃ አለህ፣ ግን አብዛኛው ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ አካል ላይ የሚደርስ ጥቃትን በደረጃ ነው የሚያስቀምጠው። ዝም ብሎ ገፋ ያደረገ፣ በጥፊ የመታ፣ ቁስል ያላስከተለ ከሆነ አንቀጽ 560 ነው፣ የእጅ እልፊት ይባላል፣ ቅጣቱም ቀላል ነው፣ እስከ 300 ብር መቀጮ፣ ከበድ ካለ እስከ 3 ወር እስራት። ጉዳት ከደረሰ ወደ 556 ይገባል፣ ተራው እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው፣ ነገር ግን መቺው ለመግደል ወይም ጉዳት ለማድረስ የሚችል መሣሪያ ከተጠቀመ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ይሆናል። የአካፋ እጀታ እንግዲህ ጉዳት ማድረስ የሚችል ነገር ለመሆኑ ግንባርህ ላይ ያለው ስፌት ይመሰክራል። ዓይን ቢጠፋ፣ አካል ቢጎድል ወይም ሕይወትህ አደጋ ላይ ወድቆ ቢሆን ደግሞ 555 ነው፣ እሱ እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ይሄዳል።

ይሄ ለማንኛውም ሰው የተፃፈ ነው፣ ላንተ የሚጨመረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አንቀጽ 84 ላይ ነው ያለው፣ ቅጣት የሚያከብዱ ሁኔታዎች የተዘረዘሩበት፤ ጥፋተኛው ሆን ብሎ ሥራውን በማከናወን ላይ ባለ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ወንጀሉን ከፈፀመ ዳኛው ቅጣቱን ያከብድበታል። ቃሉን ልብ በል፣ «ሥራውን በማከናወን ላይ ባለ»። ቅዳሜ ማታ ቤትህ ስትሄድ በሌላ ጉዳይ ቢጣላህ ይሄ አይመጣም፣ ሳይት ላይ ማስቆሚያ ስትፅፍ ቢመታህ ግን ይመጣል። ኮንትራት ሠራተኛ ነኝ እኮ የሚል ካለ ደግሞ አይስጋ፣ ሕጉ የመንግሥት ሠራተኛ ሲል ቋሚውንም ጊዜያዊውንም ነው።

ሁለተኛው የመንግሥት ሠራተኛን በኃይል ወይም በዛቻ ሥራውን እንዳይሠራ ማድረግ ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑ ነው። ይሄኛው ባይቆስልም ወንጀል ነው። ልጁ አካፋውን አንስቶ «ንክች ብታደርግ» ብሎ ቢያስወጣህ እንኳ ያው ነው።

እንግዲህ ስለ እርቁ የጠየቅኸው እዚህ ጋር ነው የሚታሰረው፣ ለኔ የደብዳቤህ ዋናው ነገርም ይሄ ነው። በአገራችን ሕግ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች አሉ፣ ተበዳዩ ካልጠየቀ ዓቃቤ ሕግ የማይነካቸው፤ የእጅ እልፊትና ተራው ጉዳት ከነዚህ ናቸው። እነዚህ ላይ ታርቀህ አቤቱታህን ካነሳህ ነገሩ አለቀ። በመሣሪያ የደረሰ ጉዳትና የመንግሥትን ሥራ በኃይል ማደናቀፍ ግን በክስ የሚያስቀጡ ናቸው፣ ማለትም የሕዝብ ጉዳይ ናቸው፣ አንተ ይቅር ብትል ዓቃቤ ሕጉ ሊቀጥል ይችላል። ለምን ብትል የተደናቀፈው ያንተ የግል ሥራ ስላልሆነ ነው። ያ ኮለን ነገ ከላዩ ያሉትን ፎቆች ይሸከማል፣ ታች ሱቅ ይከፈታል፣ ላይ ተከራይ ይገባል። ይቅርታ የማድረግ መብትህን ማንም አይነጥቅህም፣ ሽማግሌ ሲመጣ እግር ስር ድንጋይ ተሸክሞ ሲለምን ፊት ማዞር በኛ ባህል ከባድ መሆኑንም አውቃለሁ፣ ግን አንተ ይቅር ልትል የምትችለው ግንባርህን ነው፣ የተከራዮቹን ኮለን ይቅር ልትል አትችልም። ሽማግሌዎቹን ይሄንኑ ንገራቸው፣ በአክብሮት፣ ቡና ጠጥታችሁ። በነገራችን ላይ እርቅ ወርዶ ማስቆሚያው ይነሳ የሚል ነገር ከተጨመረበት እሱን በፍፁም አትቀበል፣ እሱ እርቅ አይባልም።

አሁን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ለፖሊስ በቃል ነግሬያለሁ ብለሃል። በቃል የተነገረ ነገር መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ምንም ነው። በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታው የሚቀርበው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቅህበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው፣ ካለፈ ይዘጋል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ በአራተኛው ወር መጣብኝ፣ ጥርሱ ተነቃንቆ ነበር፣ ሽማግሌ እስኪጨርስ እየጠበቀ ነበር፣ ሽማግሌውም አልጨረሰ ወሩም አለቀ። የሕክምና ወረቀቱም «መጠነኛ እብጠት» ብቻ ይላል ምክንያቱም ሐኪም ጋር የሄደው በአምስተኛው ቀን ነው። እስካሁን ሳስበው ያበሳጨኛል። የአንተ ነገር ከፍ ባለው አንቀጽ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ፣ ግን ዓቃቤ ሕጉ ዝቅ አድርጎ ቢያየውስ? ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትል ሄደህ ቃልህን ስጥ። ከፖሊስ ለሕክምና ማስረጃ ደብዳቤ አፅፈህ የሰፋህ ሆስፒታል ውሰድ፣ ስንት ስፌት፣ የት ቦታ፣ በምን ዓይነት ነገር ሊሆን እንደሚችል ይፃፍበት። የማስቆሚያውን ኮፒ፣ የስታፋውን ፎቶ፣ የዚያን ቀን የስምሪት ወረቀትህን ያዝ፣ ሥራ ላይ መሆንህን የሚያሳየው እሱ ነው። ምስክር ደግሞ የቀን ሠራተኞቹ ናቸው፣ እነሱ ሳይቱ ሲያልቅ ወደየአገራቸው ስለሚበተኑ ስልካቸውን አሁኑኑ ያዝ። አዳማ ላይ የፖሊሱም የፍርድ ቤቱም ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሄደው፣ ቋንቋውን በደንብ የማትችል ከሆነ ይተርጎምልኝ በል፣ ቃልህ ተነቦልህ ሳይገባህ እንዳትፈርም።

ኃላፊህን በተመለከተ በግልፅ ልናገር። አታካብደው ማለቱ ልክ አይደለም። ማስቆሚያው የወጣው በመሥሪያ ቤቱ ስም ነው፣ ማህተሙም የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ስለዚህ ለፖሊስ ደብዳቤ መፃፍ ያለበት መሥሪያ ቤቱ ነው፣ «ሠራተኛችን በዚህ ቀን በዚህ ሥራ ላይ እያለ ተመቷል» ብሎ። ያቺ አንዲት ገፅ ናት ጉዳዩን ከሁለት ሰዎች ጠብ ወደ መንግሥት ሥራ ማደናቀፍ የምትቀይረው። ጥያቄህን በፅሑፍ አስገባና ገቢ ያደረግክበትን ቁጥር ያዝ፣ በቃል ብቻ አትጠይቅ።

ካሳም አለ። ለሕክምና ያወጣኸውን፣ ከሥራ የቀረህበትን በፍትሐብሔር መጠየቅ ትችላለህ፣ ጊዜው በመርህ ደረጃ 2 ዓመት ነው። ለደረሰብህ የሞራል ጉዳት ግን የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ ጣሪያው 1,000 ብር ነው ይላል። በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አይገዛም። ይሄ ቁጥር መሻሻል ያለበት ይመስለኛል፣ የሕግ ሰዎችም ስንሰባሰብ የምናነሳው ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ሌላ አገር ላይ ተቆጣጣሪን በስም ጠቅሰው የሚጠብቁ ሕጎች አሉ፣ የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ ለምሳሌ ደንብ አስከባሪዎችን ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ሠራተኛ ጋር አንድ ላይ ዘርዝሮ ሥራ ላይ እያሉ የመታቸውን እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 2,000 ዶላር ይቀጣል፣ በ2021 ደግሞ (በነሱ አቆጣጠር) ከተሞች ለነዚህ ሠራተኞች የደህንነት ደንብ እንዲያዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የኛ ሕግ በጥቅል «የመንግሥት ሠራተኛ» ብሎ ይዞሃል፣ ይሄም በቂ ነው ባይ ነኝ ለቅጣቱ። የጎደለው ያ ሁለተኛው ነው፣ ከመመታትህ በፊት ያለው። የሙሌት ቀን ከሁሉም የከፋ ቀን መሆኑን ሳይት የቆመ ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ለሚክሰር ከፍሏል፣ ሰው ሰብስቧል፣ ሲሚንቶ ተቀዷል፣ በዚያ ሰዓት አቁም ስትለው ብሩ ሲፈስ ነው የሚያየው። የፌሮ ምርመራ ከሙሌቱ አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆንና ሁለት ሰው ቢሄድ ግማሹ ጠብ አይነሳም። ይሄንን ለመሥሪያ ቤትህ በዚያው ደብዳቤ ላይ ፃፍላቸው።

ጥያቄ 2

«ሰላም፣ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ኮንሰልታንት ተቀጥሬ የሳይት ሱፐርቫይዘር ሆኜ እሠራለሁ። የኮንትራክተሩ ፎርማን ክፍያ ሰርተፊኬት (ኮንትራክተሩ ለሠራው እንዲከፈለው የሚፈረም ወረቀት) አልፈርምም ስላልኩት በቴሌግራም ድምፅ ልኮ እግርሽን ነው የምሰብረው ከዚህ ከተማ ትለቂያለሽ ብሎኛል። ድርጅቴ ዝም በይው ያልፋል አለኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ስላልሆንኩ ሕግ አይጠብቀኝም ማለት ነው?»

መልስ

እህቴ ይጠብቅሻል፣ በሌላ በር ነው እንጂ። የድምፅ መልዕክቱን አታጥፊው! ስልክም ልትቀይሪ ከሆነ አሮጌውን አትሽጪው። ኮፒውን ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ የላኪውን ስምና ቁጥር የሚያሳይ ስክሪንሾት አንሺ፣ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ።

ያ መልዕክት ዛቻ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 ላይ ዛቻ በአቤቱታ የሚያስቀጣ ነው፣ እስከ 6 ወር ድረስ፣ ስለዚህ ላይኛው መልስ ላይ ያልኩት የ3 ወር ነገር ላንቺም ይሠራል። በቴሌግራም ስለሆነ የመጣው ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፣ አንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካኝነት ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ አደጋ የሚያስፈራራን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣዋል። ስልክ በኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተር ማለት ላፕቶፕ ብቻ አይደለም። ፎርማኑ ይሄን ሲልክ የቀለደ መስሎት ሊሆን ይችላል፣ ግን በአፉ ቢልሽ ኖሮ ማስረጃ አይኖርም ነበር፣ አሁን በራሱ ድምፅ አስቀምጦልሻል።

የመንግሥት ሠራተኛ ያለመሆንሽ የሚያሳጣሽ ያንን የአንቀጽ 84 ማክበጃና የመንግሥት ሥራ ማደናቀፍን ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ልክ አይመስለኝም። ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ በየቀኑ ቆማ የምታየው የግል ሱፐርቫይዘሯ ናት፣ የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ በየደረጃው ነው የሚመጣው፣ የሚጠብቁት ግን ያው የሕዝብን ደህንነት ነው። ሕግ አውጪው አንድ ቀን ቢያየው ጥሩ ነው።

ድርጅትሽ ያልፋል ማለቱ ግን በጣም አናደደኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል፣ አንቀጽ 97 ላይ ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን እየሠራ እያለ በአሠሪው ወይም በሦስተኛ ወገን ድርጊት የሚደርስበት ጉዳት ራሱ የሥራ ላይ አደጋ ነው። ፎርማኑ ላንቺ ድርጅት ሦስተኛ ወገን ነው። አያድርገውና የዛተውን ቢፈፅም የሕክምና ወጪሽ በድርጅትሽ ነው፣ ደሞዝሽም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ሳያንስ፣ ከዚያ በኋላ 6 ወር ከ50 በመቶ ሳያንስ መከፈል አለበት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ2019 (በፈረንጆቹ) ባወጣው ስምምነት ቁጥር 190 ላይ የሥራ ቦታ ጥቃት ሲባል ከውጭ ሰው የሚመጣውንም ጨምሮ ነው ያለው፣ ይሄ እንግዲህ የኔና ያንቺ ብቻ ሐሳብ እንዳልሆነ እንድታውቂው ነው።

ስለዚህ ለድርጅትሽ በኢሜይል ፃፊ፣ ድምፁን አያይዢ፣ «ዛቻ ደርሶብኛል፣ ፎርማኑ ከዚህ ሳይት እንዲነሳ ለኮንትራክተሩና ለባለቤቱ በደብዳቤ ይጠየቅልኝ» በይ። ከዚህ በኋላ አላወቅንም ሊሉ አይችሉም። ሳይት ቡክ (የሳይቱ መዝገብ) ላይም መዝግቢው። እስኪፈታ ድረስ ደግሞ ብቻሽን ሳይት አትግቢ፣ ማታ ማታ የሙሌት ሥራ ካለ ከሰው ጋር ሂጂ፣ ባጃጅም የምታውቂውን ያዢ። ሰርተፊኬቱን ግን እንዳትፈርሚ!

ጥያቄ 3

«እኔ ደግሞ የሌላው ወገን ነኝ። አዳማ ቤት እየሠራሁ ነው፣ ፈቃድ አለኝ። ሁለት ሰዎች ከቢሮ ነን ብለው መታወቂያ ሳያሳዩ ገቡ፣ ጉድለት አለብህ አሉ፣ ቀጥለው ሻይ በለን ይስተካከላል አሉ። ተናድጄ አንዱን በደረቱ ገፍቼ አስወጣሁት። አሁን መንግሥት ሠራተኛ መታህ ተብዬ እከሰሳለሁ እያሉኝ ነው። ዕድሜዬ 61 ነው፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም።»

መልስ

ጋሼ አይደንግጡ። ገፍተው ካስወጡት በስተቀር ምንም ካላደረጉ፣ ጉዳትም ካልደረሰበት፣ ቢበዛ የእጅ እልፊት ነው። ያ የተለየው ጥበቃ ደግሞ ሥራውን በሕጋዊ መንገድ ለሚሠራ ሠራተኛ ነው የተሰጠው፣ ሻይ የሚጠይቅ ሰው በዚያች ደቂቃ የመንግሥትን ሥራ እየሠራ አይደለም፣ ወንጀል እየሠራ ነው፣ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 የሚይዘው። ግን ይሄ የሚጠቅምዎት ማስረዳት ከቻሉ ነው። ዘበኛው ሰምቷል? ግንበኛው ነበር? ስልክ ደውለውልዎት ነበር? እነሱን ይያዙና ቀድመው ለክልሉ የሥነምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ያመልክቱ፣ እነሱ ከከሰሱ በኋላ ከሚናገሩት ቀድመው የተናገሩት ይታመናል።

ለወደፊቱ ግን እባክዎ እጅ አይሰንዝሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሹምን ሥራ ሲያቋቁም ግንባታውን ገብቶ የማየት ሥልጣን አብሮ ሰጥቶታል፣ ስለዚህ ተቆጣጣሪ መግባቱ ራሱ ጥፋት አይደለም። እርስዎ መታወቂያ ይጠይቁ፣ የስምሪት ደብዳቤ ይጠይቁ፣ ጉድለት አለ ካለ በፅሑፍ ስጠኝ ይበሉት። እውነተኛው ተቆጣጣሪ መፃፍ አይፈራም፣ ያኛው ግን ወረቀት ሲጠየቅ ይሄዳል። እርስዎ አንዱን ሌባ ሲገፉ ነገ የሚመጣው ንፁህ ልጅ ፈርቶ ነው የሚመጣው፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ያለውን ልጅ ያስቡት። ተቆጣጣሪው አለ ያለው ጉድለት ግን በእርግጥ ካለ እባክዎ ያስተካክሉት፣ ቤቱ የእርስዎና የልጆችዎ ነው።

ጥያቄ 4

«ባለቤቴ ተቆጣጣሪ ነው፣ ሳይት ላይ ተገፍቶ ወድቆ እጁ ተሰበረ። የሰው ሀብት ክፍሉ ከዓመት ፈቃድህ ላይ ይያዛል አለው። ልክ ነው?»

መልስ

ልክ አይደለም። የዓመት ፈቃድ የእረፍት ነው፣ ሥራ ላይ ለተሰበረ እጅ አይውልም። ይሄ በሥራ ምክንያት የደረሰ ጉዳት ተብሎ መመዝገብ አለበት፣ ምዝገባው ዛሬ ለደሞዙ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፤ እጁ ቀጥ ባይል፣ ከዓመት በኋላ ችግር ቢያመጣ፣ በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 1267/2014 መሠረት የጉዳት ጥቅም ለመጠየቅ የሚታየው ያ መዝገብ ነው፣ የሕክምና ቦርድም የሚጠይቀው እሱን ነው። ስለዚህ እህቴ፣ እሱ መፃፍ ካልቻለ አንቺ ፃፊለት፣ የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ሳይት፣ ማን እንደገፋው፣ ማን እንዳየ፣ ከነሐኪም ወረቀቱ። ለሰው ሀብት ክፍል በሁለት ኮፒ ይግባ፣ አንዱ ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ማህተም ተደርጎበት ቤት ይቀመጥ። ፖሊስ ጋር ካልተሄደ ደግሞ ነገ ጠዋት ይሂድ፣ ጀሶው ሳይፈታ።